ዝረራው የጀመረው ጂም ውስጥ ነው

የአክስቴ ልጅ በቦክስ ውድድር በመጀመሪያው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ ከኋላ ያሉት ሰዎች ገና ወንበር እየያዙ ነበር፣ አንዱ ውሃ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ አልቆ ነው የጠበቀው። እኔ ሪንጉ ስር ቆሜ በስልኬ እየቀረጽኩ ስለነበር ሁሉም ነገር ተቀርጿል፣ አክስቴ "አጥፋልኝ ይሄን ነገር" ብላ ለምናኛለች፣ አላጠፋሁትም። ዶክተሩ ገብቶ ዓይኑን በባትሪ ሲያየው ልጁ ቀና ብሎ "ስንተኛ ዙር ነን?" አለ። እሷ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከዛ ቀን በኋላ ሰፈር ውስጥ ያልተባለ ነገር የለም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አይደል የሚባለው፣ አንዱ "ልቡ ሸሽቷል" አለ፣ ሌላው "ክብደት ለመቀነስ ብሎ ሳይበላ ነው የገባው" አለ፣ ዓይን ነው ያሉም አሉ፣ ትልልቆቹ ደግሞ "የዛሬ ልጅ መች መከላከል ያውቃል" ብለው ዘጉት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ልጁ እኮ ጂም ውስጥ የሚታወቀው በመከላከል ነው፣ ቡጢው ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ትንፋሹም መካከለኛ ነው፣ ግን ማንም አያገኘውም። ማንም የማያገኘው ልጅ እንዴት ነው የመጀመሪያዋ ከባድ ቡጢ የምታገኘው? ይሄን ይዤ ከረምኩ። አሁን መልሱ የገባኝ ይመስለኛል፣ እና ደስ የሚል መልስ አይደለም፤ የጣለው ያው ሁላችንም ስናጨበጭብለት የነበረው መከላከያው ነው።

ማንም የማይነካው ልጅ

ጂሙ አራት ኪሎ ነው፣ ከሚያዝያ 27 ሐውልት ብዙም አይርቅም። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ እነ አክስቴ ከከተማ ወጣ ብለው ስለሚኖሩ ልጁ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ግን አርፍዶ አያውቅም። ጓንቶቹ የጋራ ናቸው፣ ሁሌም ከውስጥ እርጥብ ናቸው፣ የቡጢ መለማመጃው ሳክ ወገቡ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ መሀሉ ከላይና ከታቹ የወፈረ ሆኗል። ልጁ ስፓሪንግ፣ ማለትም የልምምድ ፍልሚያ፣ ሲገባ ታዳጊዎቹ ገመድ መዝለላቸውን ትተው ሪንጉን ይከቡታል። ሊያዩ የሚመጡት አንድ ነገር ነው።

ተጋጣሚው ጃብ፣ ያቺን በፊተኛው እጅ የምትሰነዘር ቀጥታ ቡጢ፣ ሲሰነዝር ልጁ እግሩን አያንቀሳቅስም፣ ፊቱን ለመከላከልም እጁን አያነሳም። ከወገቡ ብቻ ወደኋላ ይለጠጣል። ጓንቱ አፍንጫው ጋ ይደርስና ይቆማል፣ የአንድ ጣት ክፍተት ቀርቶት። በዛው ቅጽበት ግራ እጁ ወደታች ይወርዳል፣ እስከ ቁምጣው ጠርዝ፣ አገጩ ደግሞ ቀና ይላል፣ ምክንያቱም ሰውነት ከወገብ ወደኋላ ሲለጠጥ አገጭ ሳይወድ በግዱ ቀና ይላል። ከዛ ተመልሶ በቀኝ አንዴ ይነካና ይወጣል። ታዳጊዎቹ "ኧረ ባክህ!" ይላሉ። እኔም ብያለሁ።

ከየት እንዳመጣው እናውቃለን፣ ከቲክቶክ ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ የማትሞላ የመሐመድ አሊ ቪዲዮ፣ የአሜሪካዊው ቦክሰኛ የሮይ ጆንስ ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ተደርጎበት። ቪዲዮዎቹ የሚያሳዩት ግን ከወገብ በላይ ያለውን ነው። አሊ ወደኋላ ሲለጠጥ እግሮቹ ቀድመው መንገድ ጀምረዋል፣ መለጠጡ ላይ አይቆምም፣ ከዛ ቦታ ይሄዳል። እሱም ቢሆን ከፍሎበታል፤ ስሙ ገና ካሲየስ ክሌይ እያለ በፈረንጆቹ 1963 ለንደን ላይ የሄንሪ ኩፐር ግራ ሁክ፣ ከጎን ታጥፎ የሚመጣው ቡጢ፣ ገመድ ላይ ጥሎታል፣ በ1971 ደግሞ በአሥራ አምስተኛው ዙር የጆ ፍሬዘር ግራ ሁክ መሬት አስነክቶታል። እነዚህ ክፍሎች ሙዚቃ ተደርጎባቸው አይዞሩም።

ቪዲዮው

ቪዲዮውን በዝግታ እያደረግኩ ማየት የጀመርኩት አንድ ማታ ነው፣ መብራት ሄዶ፣ ሌላ የማደርገው ነገር አጥቼ። ከዛ በፊት ያየሁት በተለመደው ፍጥነት ነበር፣ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ምንም አይገባም፣ ልጁ ቆሟል፣ ከዛ ልጁ ወድቋል፣ ሰው ይጮሃል፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

በዝግታ ሲታይ ግን እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጃብ ይመጣል፣ ልጁ ይለጠጣል፣ ጓንቱ አይደርስም፣ ከኔ ጀርባ አንድ ሰው "እሰይ!" ይላል። ሁለተኛው ጃብ ይመጣል፣ ያው ነው፣ ይለጠጣል፣ አይደርስም። እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሜ ያየሁት የተጋጣሚውን ዓይን ነው። ፊት አያይም። ወደታች ነው የሚያየው፣ የልጁ ግራ እጅ የሚወርድበት ቦታ ላይ። ጃቡ እንዳልደረሰ ግድም አልሰጠው፣ ሲጀመርም እንዲደርስ ብሎ አልሰነዘረውም፣ እየለካ ነበር።

ሦስተኛው ጃብ ጃብ አይደለም። ትከሻው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ክንዱ ግማሽ ሳይዘረጋ ቆሟል። ልጁ ግን ትከሻውን ሲያይ ሄደ፣ እስከመጨረሻው ተለጠጠ፣ ግራ እጁ ቁምጣው ጋ ወረደ፣ የኋላ እግሩ ተረከዝ መሬት ላይ ተተከለ፣ የፊተኛው እግሩ ጣቶች ደግሞ ከመሬቱ ትንሽ ተነስተዋል፣ እሷን ነገር ለማየት ስክሪኑን በጣት ማስፋት ነበረብኝ። አሁን አስቡት። ክብደቱ በሙሉ ኋላ እግሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ እግሩን ማንሳት አይችልም። ወገቡ የመጨረሻውን ያህል ተለጥጧል፣ ስለዚህ ሌላ የሚለጠጥበት ቦታ የለውም። ግራ እጁ ታች ነው፣ ስለዚህ የግራ ጉንጩ ባዶ ነው። ተጋጣሚው ደግሞ ትከሻውን ባንቀሳቀሰበት ቅጽበት እግሩን አስገብቷል፣ ልጁ ገና ሳይለጠጥ ማለት ነው፣ ወዴት እንደሚሄድ አውቆ። ቀኙ ከዛ እግር ጋር መጣ። ለጃብ የበቃችው የአንድ ጣት ክፍተት እግር ይዞ ለሚመጣ ቀኝ አትበቃም። አገጩን ጎን ላይ አገኘው።

በኋላ ልጁን "አየኸው?" አልኩት። "ጃቡን አየሁት፣ ከዛ በኋላ ያየሁት የአዳራሹን መብራት ነው" አለኝ።

ቦክስ የሚያውቁ ሰዎች የሚጥለው ያላየኸው ቡጢ ነው ይላሉ፣ ይሄ ተረት አይደለም። የሚመጣ ቡጢ ስታይ አንገትህ ሳታዘው ይጠነክራል፣ ጥርስህን ትነክሳለህ፣ አገጭህ ይገባል። ካላየኸው አንገት ልል ነው፣ አገጭ ጎን ላይ የተመታ ራስ ደግሞ በድንገት ይዞራል፣ አንጎል ግን ከራስ ቅሉ እኩል አይዞርም፣ ንቃት የሚጠፋው በዛ መዞር ነው። ለዛ ነው መካከለኛ የሚባል ቡጢ ሰው ጥሎ፣ እንደ መዶሻ የሚከብደው ግንባር ላይ አርፎ ሰውዬው ቆሞ የሚቀጥለው። ተጋጣሚው ለየት ያለ ጉልበት አልነበረውም፣ ቡጢውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ የተለመደ ቀኝ ነው። ቀናውን አገጭ፣ ልሉን አንገት፣ የወረደውን እጅ ያዘጋጀለት የኛ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር አስታወስኩ። ልጁ ከዚህ ፍልሚያ በፊት በዛው ውድድር አንዱን በነጥብ አሸንፎ ነበር፣ ሦስቱንም ዙር ሲለጠጥ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ውሎ። ያን ቀን ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ስልኩን ሪንጉ ላይ አስደግፎ ይቀርጽ ነበር፣ እኔ የራሱን ልጅ ተራ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው የሚባለው ለንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው ቡጢ የማይመጣበት ቦታ

እሺ፣ የቲክቶክ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያለውም እሱን ነው። ግን ቲክቶክ ያየ ሁሉ እንደዛ አይቀርም፣ ሰው አንድ ነገር ሞክሮ ዋጋ ካስከፈለው ይተወዋል። እሱን ዋጋ ያላስከፈለው ምን ነበር? ይሄን ለማየት ጂም ሄጄ ቁጭ ብዬ የሌሎቹን ልጆች ስፓሪንግ አየሁ፣ ቡጢውን ሳይሆን የሚቆሙበትን ቦታ።

ሁሉም አንድ ሁለት ብለው ይቆማሉ። ጃብ፣ ቀኝ፣ ከዛ ሁለቱም ወጣ ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ብዙዎቹ እንዲያውም ጃቡ ከሳተ ቀኙንም አይሰነዝሩትም። ልጁ ከጃቡ ሲለጠጥ ተጋጣሚው ጃቡ እንደሳተ ቆጥሮ ይቆማል፣ ልጁ ተረጋግቶ ይመለሳል፣ እጁን ያነሳል። በዛ ጂም ውስጥ እሱ ተለጥጦ እያለ ሌላ ቡጢ ተከትሎት አያውቅም። መለጠጥ እዛ ቤት ውስጥ እውነትም አይሳሳትም።

ይሄ ደግሞ በስንፍና የመጣ አይደለም። አሰልጣኙን ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቦክስ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው፣ እና ስፓሪንግ ላይ ጠንከር ሲል ከታች ሆነው "ቀስ! ቀስ!" ይላሉ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። የራስ መከላከያው ለሁሉም አይዳረስም፣ የጥርስ መከላከያ የሌለው ልጅ አለ፣ አንዱ ልጅ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማነው? "እኔ ልጅ ጤነኛ ተቀብዬ ጤነኛ ነው ለእናቱ የምመልሰው" ይላሉ። እኔ ይሄን አከብራለሁ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ልጆችን በየቀኑ እያስደበደበ ጠንካራ አደረግኳቸው የሚል አሰልጣኝ አይቻለሁ፣ ከዛኛው ይሄኛው በብዙ ይሻላል። ነገር ግን የዛ ደግነት ሌላ ወጪ አለው። ልጁ የተማረው መከላከያ ለደጋግ ሰዎች የሚሠራ መከላከያ ነው። የሚያውቁት፣ የሚወዱት፣ አንዴ ስተው የሚቆሙለት ልጆች ናቸው ያሠሩት። ውድድር ላይ የመጣው ልጅ አያውቀውም፣ አይወደውምም፣ ሲስት አይቆምም።

እና ጭብጨባው አለ። መከላከል የሚጨበጨብለት ሲያምር ነው። ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ቡጢውን በክንዱ ተቀብሎ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ለሚሄድ ልጅ ማንም "ኧረ ባክህ" አይለውም፣ ከሩቅ ሲታይ የተመታ ነው የሚመስለው። ወደ ጎን የሚሄደው ልጅ ግን ሁለተኛው ቡጢ ሲመጣ እዛ ቦታ የለም። በቀጥታ ወደኋላ የሚሄድ ሰው የተጋጣሚው መስመር ላይ እንዳለ ነው፣ የሚጨምረው ርቀት ብቻ ነው፣ ርቀት ደግሞ በአንድ እርምጃ ይሸፈናል።

እነ ጆ ሉዊስም

ይሄ የኛ ልጅ ብቻ ችግር ቢሆን እዚህ አልጽፈውም ነበር። በታሪክ ትልቁ ምሳሌ ጥቁር አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ነው፣ ከኛም ጋር የተያያዘ ታሪክ ስላለው ነው ሁሌ የሚገርመኝ። ሰኔ 18 ቀን 1927፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ጣሊያን ልትወረን ጦር ስታጓጉዝ በነበረበት ሰሞን፣ ሉዊስ ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ላይ ጣሊያናዊውን ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ዘረረው፣ የአሜሪካ ጥቁሮችም ድሉን ከኢትዮጵያ ጉዳይ ጋር አያይዘው ጨፈሩ። ዓመት ሳይሞላ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከዛ ሳምንታት ቆይቶ፣ ሰኔ 12፣ ያው ሉዊስ፣ ያልተሸነፈው፣ በዛው ስታዲየም ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን ገጠመ። ሽሜሊንግ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፣ አልቆለታል ተብሎ ነበር፣ ግን የሉዊስን ፊልሞች እየደጋገመ አይቶ አንድ ነገር አግኝቷል፤ ሉዊስ ጃብ ከሰነዘረ በኋላ ግራ እጁን ሲመልስ ዝቅ ያደርጋታል። በቃ ይህችን ብቻ። በአራተኛው ዙር በቀኙ ጣለው፣ በአሥራ ሁለተኛው ጨረሰው። ከዛ በፊት የገጠሙት ሁሉ ያቺ እጅ ስትወርድ አጠገቧ ነበሩ፣ ሉዊስ ግን ሲያሸንፍ ስለኖረ ማንም እንደ ስህተት አልቆጠራትም።

ሮይ ጆንስ ሌላው ነው። በፈረንጆቹ እስከ 2004 ድረስ አንድ ሽንፈት ብቻ ነበረው፣ እሱም ሕግ ጥሰሃል ተብሎ በዲስኳሊፊኬሽን። እጁን አውርዶ፣ አገጩን ይዞ ቆሞ፣ በፍጥነቱ ብቻ ይኖር ነበር። 35 ዓመቱ ላይ አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው፣ በዛው ዓመት ግሌን ጆንሰን ደገመው። ሰው ሲያረጅ ፍጥነቱ ይሄዳል፣ ልማዱ ግን አብሮት አይሄድም፣ እዛው ይቀራል።

የኛ ልጅ ግን ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ከጆንስ ይልቅ እንግሊዛዊውን አሚር ካንን ነው የሚመስለው። ካን በአቴንስ ኦሎምፒክ፣ እኛ ቀነኒሳን ስናይ በነበረበት በ2004፣ በ17 ዓመቱ የብር ሜዳሊያ የወሰደ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን፣ እግሩ ፈጣን፣ ፕሮፌሽናል ሆኖ 18 ፍልሚያ ሳይሸነፍ። በ2008 ማንቸስተር ላይ፣ በገዛ ሀገሩ ሰው ፊት፣ ብሬዲስ ፕሬስኮት በ54 ሰከንድ ሁለቴ ጥሎት ጨረሰው። ፈጣን ልጅ የማያስፈልገውን ነገር አይማርም፣ ፍጥነቱ እስካዳነው ድረስ። ካን ከዛ አሰልጣኝ ቀይሮ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ሉዊስም በአሰልጣኙ በጃክ ብላክበርን ስር ሠርቶ ሰኔ 1930 ላይ፣ በፈረንጆቹ 1938፣ ሽሜሊንግን በ124 ሰከንድ ነው የጨረሰው። ይሄን ለአክስቴ ነግሬያታለሁ፣ "እሱ አሜሪካ ነው" አለችኝ። ልክ ናት፣ ብላክበርን የሚባል ሰው አጠገቡ ነበር።

ከእረፍቱ በኋላ

በዝረራ የወደቀ አማተር ቦክሰኛ ቢያንስ 30 ቀን ሪንግ አይገባም፣ ስፓሪንግም አይሠራም፣ ይሄ ሕግ ነው፣ እኛ ሀገር ብዙ ሰው ሲጥሰው ስለማይ ነው የምጽፈው፣ እባካችሁ አትጣሱት። ልጁ ከዛም በላይ አረፈ፣ አክስቴ ስላለች።

ሲመለስ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ትከሻ ሲንቀሳቀስ ሁለት ጓንቱን ፊቱ ላይ ጭምቅ አድርጎ ዓይኑን ይዘጋል። ሰው ይሄን ሲያይ "አሁን ተማረ" አለ። ጋሼ አልተስማሙም፣ "ዓይኑን ከዘጋ ያው ነው፣ በፊት ማየት ብቻ ነበር፣ አሁን ማየት የለም" አሉ፣ እና ይሄን አባባላቸውን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። ከዛ ሁለት ነገር አደረጉ። አገጩ ስር የቴኒስ ኳስ አስያዙት፣ አገጭህን ካነሳህ ትወድቃለች። ሁለተኛው ደግሞ ለጂሙ በሙሉ ነው፤ ስፓሪንግ ላይ አንድ ሁለት ብሎ ማቆም ቀረ፣ ሦስተኛዋ ቡጢ የግድ ትሰነዘራለች፣ በቀስታ፣ በተከፈተ ጓንት ነካ የማድረግ ያህል፣ ግን ትሰነዘራለች። "ቀስ" የሚለው አልቀረም። ማንም አይጎዳም። ጃብ የሳተው ልጅ እግሩን አስገብቶ ይቀጥላል፣ ወደኋላ የተለጠጠው ልጅ ጉንጩ ይነካል፣ በዛች ደቂቃ፣ እዛው፣ ገና ዋጋው ርካሽ ሆኖ እያለ።

የመጀመሪያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ በሕይወቱ ተነክቶ የማያውቀውን ያህል ተነካ። ታዳጊዎቹ ትንሽ አይተው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ቪዲዮውን አሳየኝ ያለኝ በዛ ሰሞን ነው፣ ሪንጉ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን በዝግታ አሳየሁት፣ ሦስተኛዋ ጃብ ጋ ሲደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ወደኋላ መለሳት፣ እንደገና አያት፣ "ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው" አለ ስለ ተጋጣሚው።

አሁን ወደ ጎን መውጣት ጀምሯል፣ ግራ እጁ ከጃብ በኋላ ጉንጩ ጋ ትመለሳለች፣ በመጀመሪያው ዙር። በሁለተኛውም ደህና ነው። ባለፈው ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደክመው እጁ ቀስ እያለች ወደ ቁምጣው ስትወርድ አየኋት፣ ጋሼ ከታች "እጅ!" ብለው ጮኹ፣ አነሳት፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወረደች። ለሚቀጥለው ውድድር ልመዝገብ ወይ ብሎ ጋሼን ሲጠይቃቸው አጠገባቸው ነበርኩ። "እጅህ ስትደክምም ከላይ ስትቆይ" አሉት፣ ስሙን ሳይጽፉ ደብተራቸውን ዘጉ።